ደርሶ በላቸው፣ በላቸው ደርሶ

ትርንጎ ደርሶ በ2094 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ልጆች ሲንጫጩባት ከመጮህ ይልቅ ዝም ብላ የምትጠብቅ ሴት። ከባሏ ከተለያየች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከስድስት ዓመት ልጇ ከሕሊናና ከአባቷ ከአቶ ደርሶ ጋር ከትራም መስመሩ ጀርባ ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች።

ጠዋት ከቤቷ እስከ ክፍሏ አምስት በር አለ። እያንዳንዱ በር ላይ ባለው መስታወት ፊት ሰው ለአፍታ ይቆማል። በዚያች አፍታ መዝገቡ የቆመውን ሰው ስም ይዞ ወደ እናቱና ወደ አባቱ፣ ከነሱም ወደ እናቶቻቸውና ወደ አባቶቻቸው ይወጣል፤ ሦስት ትውልድ ቆጥሮ ይመለስና በሩን ይከፍታል። ሰዉ ከመልመዱ የተነሳ በር ሲያይ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ትርንጎም ትይዛለች።

ማክሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመዝገብ ትምህርት ይሰጣል።

«ሰው ማለት ምን ማለት ነው?» ትላለች ሰሌዳው ፊት ቆማ።

«ሰው ማለት፣ ወይ መነሻ ነው፤ ወይ ደግሞ ስም ያለው፣ እናቱም ሰው የሆነች፣ አባቱም ሰው የሆነ ነው» ይላሉ ሠላሳ ስምንት ልጆች በአንድ ድምፅ።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሰው ምንድን ነው ስንባል መልሱ ውስጥ ራሱ ሰው የሚል አለ። ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀቻት። ትርንጎ ጥያቄው ደስ አላት። በማግስቱ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛ መጣች፤ ውስጡ ሌላ ካርቶን፣ በሱ ውስጥ ሌላ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ መጨረሻ ላይ የማይከፈት ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ወጣ። ይህ መነሻ ነው አለቻቸው። መዝገቡ በተቋቋመበት በ2058 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የነበረ ሰዎች እናትና አባታቸው ሳይጠየቅ መነሻ ተብለው ተጻፉ፤ ከነሱ በታች ያለ ሁሉ በነሱ ላይ ያልቃል። «እንጨቷ ባትኖር ኖሮ ስንከፍት ስንከፍት እንኖር ነበር» አለች። ልጆቹ ሳቁ።

ሕሊና ስትወለድ ጀምሮ አንዱ የልቧ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም። እስከ አምስት ዓመቷ በመድኃኒት ቆየች። ያን ዓመት ክረምት ላይ ግን ከንፈሯ መጥቆር፣ ደረጃ ስትወጣ መቀመጥ ጀመረች። የደሴው ሐኪም መረመራትና ቀዶ ጥገናው ከገና በፊት መሆን አለበት አለ። ከገና በኋላ ቢሆንስ ብላ ትርንጎ ስትጠይቀው ወረቀቱን እያየ፣ «ከገና በፊት ነው» ብሎ ደገመላት። ለኅዳር አምስት ተቀጠሩ።

ኅዳር አምስት ቀን ተቀባይዋ ነርስ የሕሊናን ፊት ወደ መዝገቡ መስታወት አዞረች። መስታወቱ ላይ «እየተቆጠረ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አራት ሰዓት ሙሉ አልጠፋም። ሕሊና የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት አምባር እጇ ላይ ሳይታሰር ወንበር ላይ ተኝታ ዋለች።

«ከመስከረም ጀምሮ ለከባድ ሕክምና እስከ መጨረሻው ነው የሚቆጠረው» አለች ነርሷ። «እንደ በር ሦስት ትውልድ ላይ አይቆምም። በሮችም ከጥር ጀምሮ እንደዚሁ ይሆናሉ።»

«ታዲያ ምን አገኘ?»

«ምንም አላገኘም። በአባቷ በኩል መነሻ ላይ ደርሶ ጨርሷል። በእርስዎ በኩል ግን አያልቅም።»

«እንዴት አያልቅም?»

«እኔ እንጃ። መዝገብ ቤት ይጠይቁ። ያልተጨረሰ ሰው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት አንችልም።» ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። የሕሊናንም ጫማ ጎንበስ ብላ አሰረችላት።

መዝገብ ቤት ትርንጎን ያስተናገደቻት ወይዘሪት ረድኤት የምትባል ወጣት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ምንም የለም። ትርንጎን ውኃ ይጠጡ አለቻት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ስም አወጣች።

«አባትዎ ደርሶ በላቸው ናቸው» አለች። «በ2058 ዓ.ም. የተመዘገቡ። በእናት በኩል ሁሉም ተጨርሷል፤ አባታቸው በላቸው። አቶ በላቸው ደግሞ የተመዘገቡት በ2060 ዓ.ም. ነው፤ የመነሻ መዝገብ ከተዘጋ ሁለት ዓመት በኋላ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ አባት ተጠየቁ። የአቶ በላቸው አባት ተብሎ የተጻፈው ደርሶ ነው።»

«የትኛው ደርሶ?»

«አባትዎ።»

ትርንጎ ግድግዳውን አየች። ደርሶ በላቸው። በላቸው ደርሶ።

«ቆጣሪው ከአባትዎ ወደ አቶ በላቸው ይወጣል፤ ከአቶ በላቸው ተመልሶ ወደ አባትዎ። ከዚያ እንደገና። ከኅዳር አምስት ጀምሮ አላቆመም፤ አሁንም እየዞረ ነው» አለች ወይዘሪት ረድኤት።

«ስህተት ነዋ። ይታረም።»

«ለማረም የአቶ በላቸው እውነተኛ አባት መታወቅ አለበት። ያውቃሉ?»

ትርንጎ አታውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። በላቸው የሕፃናት ማሳደጊያ ዘበኛ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ለማንም ሳይናገር ሞቷል። አባቷን ማሳደጊያው በር ላይ ተጥሎ ያገኘው እሱ ነው። አባቷ ስምንት ዓመት ሲሞላው ማሳደጊያው ተዘጋ፤ ልጆቹ ወደየከተማው ሲበተኑ በላቸው አንዱን ልጅ በእጁ ይዞ ቤቱ ገባ።

ወይዘሪት ረድኤት ቀሪዎቹን መንገዶች አንድ በአንድ ነገረቻት። ዙሩ የሚቆመው ውስጡ ካሉት አንዱ ባዶ ሲባል ነው። በባዶ የሚያልቅ ሰው ሙሉ ሰው ነው፤ በመነሻ ከሚያልቀው አይለይም። ሟች ባዶ ሊባል አይችልም፤ የሟች ሰነድ ታሽጓል። ስለዚህ ወይ አቶ ደርሶ ራሳቸው ፈርመው ባዶ ይሆናሉ፤ ወይ ልጃቸው ትፈርምባቸዋለች፤ ይህ ለአብራክ ልጅ የተሰጠ መብት ነው። ወይ ደግሞ ትርንጎ ራሷ ባዶ ትሆንና የሕሊና ቆጠራ እናቷ ላይ ያበቃል።

«እኔ ብሆን ልጄን ማን ያሳክማታል?»

«መንግሥት ያሳድጋታል። እርስዎ ግን ሊያገኟት አይችሉም። ባዶ ልጅ የለውም፤ ወላጅም የለውም። ስም የለውም። በር አያየውም። ከከተማው በታች ሜዳው ላይ መኖሪያ ተሠርቶላቸዋል፤ ምግብ ይቀርባል።»

አቶ ደርሶ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። ግራ ጆሮው ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ አይሰማም፤ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዞራል። ትርንጎ ስትነግረው ሽምብራ ቆሎ እየበላ ነበር። እስክትጨርስ ድረስ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ እንደያዛት ቆየ።

«እኔ ልፈርም ነው የምትይኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩም አባዬ። የተባልኩትን ነው የነገርኩህ።»

«ሕሊናን እኔ አልወዳትም?»

«እሱን ማን አለ?»

ሕሊና ጓዳ ውስጥ ተኝታለች፤ አተነፋፈሷ እስከ ሳሎን ይሰማል።

«እስከ ስምንት ዓመቴ ማንም አልነበርኩም» አለ አባቷ። «አልጋዬ ላይ ቁጥር ነበር። ሰባት እባል ነበር። ሌሎቹን ልጆች አንዳንዴ ሰው እየመጣ ያያቸዋል፤ እኔን የሚያይ የለም። በላቸው እጄን ይዞ ሲያስወጣኝ፣ መንገድ ላይ ሰው ‹የማን ልጅ ነው?› ሲለው፣ ‹የኔ› አለ። እዚያው ነው የተወለድኩት። ተመልሼ ሰባት አልሆንም፤ ሙት ብትይኝ እሞትላታለሁ። ያንን ግን አልችልም።»

«ልጅቷ እኮ ጊዜ የላትም።»

«ሄጄ አስረዳቸዋለሁ። ሰው ናቸው፤ ቢነገራቸው ይገባቸዋል።»

ማክሰኞ ዕለት አብረው ሄዱ። ለጡረታ ሽኝቱ የተሰፋለትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ወይዘሪት ረድኤት ብድግ ብላ ተቀበለችው፣ አባባ እያለች አስቀመጠችው። እሱም ነገራት። ማሳደጊያውን፣ የበላቸውን ክፍል፣ ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ መተኛታቸውን፣ በላቸው ለሱ ትምህርት ሲል የዘበኝነት ሥራውን በሁለት ቦታ መሥራቱን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓይኑ ሲጠፋ እሱ እንዴት እንዳጠበውና እንዳጎረሰው ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣ «ያሳደገኝ እሱ ነው እንጂ እኔ እንዴት የሱ አባት እሆናለሁ? ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው» አለ።

«ልክ ነዎት» አለች። «እኔም ይህ እንዴት እንደተጻፈ ለማወቅ የምዝገባውን ድምፅ አስወጥቼ ነበር። ይስሙት።»

ክፍሉ ውስጥ የመሣሪያ ድምፅ ተሰማ፤ የአባትዎን ስም ይናገሩ አለ። ከዚያ የተሰበረ የሽማግሌ ድምፅ፣ «አባቴ፣ ምንድን ነው የሚለኝ? እስኪ አንተ ንገረው» አለ።

አቶ ደርሶ ቀኝ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ሁሌም አባቴ ነበር የሚለኝ» አለ። «ልጅ ሆኜም። አባቴ ና ብላ፣ አባቴ ና ተኛ። ሰው ልጁን እንደሚለው።»

«መሣሪያው አባቴ ብለው የጠሩትን ሰው ፊት አየ። የእርስዎ ፊት ነበር።»

«እንደገና አሰሚኝ።»

እንደገና አሰማችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አዳመጠ፤ ሲያነሳው ፈገግ ብሎ ነበር።

«ይኸው በቃ» አለ። «ለልጅ የሚባል የፍቅር ቃል ነው። ይህን ጻፊውና ይታረም።»

«አባባ፣ የነገሩኝን ሁሉ አምኛለሁ» አለች ወይዘሪት ረድኤት። «ግን አቶ በላቸው አባት ነበራቸው፤ እርስዎ አይደሉም። ታዲያ ማን ነው? እዚያ ቦታ ላይ የምጽፈው ስም ከሌለኝ እርስዎን ማንሳት አልችልም። ወይ ሰው መሆን አለበት፣ ወይ ባዶ።»

«እኔ አልፈርምም።»

«መብትዎ ነው።»

ወጡ። ደረጃው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አባቷ ለማረፍ ተቀመጠ። ሌላ ቢሮ እንሂድ፣ አዲስ አበባ ድረስም ቢሆን እንሂድ እያለ ነበር። ትርንጎ ፊቱ ቆማ አዳመጠችው። ለገና አምስት ሳምንት ነው የቀረው። አዲስ አበባ ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ሁለት ወር ይፈጃል። ሕሊና የዚያን ዕለት ጠዋት ካልሲዋን ስታጠልቅ ሁለት ጊዜ ነው ያረፈችው።

«ነጠላዬን ረስቼ መጣሁ» አለች።

«ሂጂ አምጪ፤ እጠብቅሻለሁ።»

ወደ ላይ ተመለሰች። ወይዘሪት ረድኤት ስታያት አልገረማትም፤ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ከግርጌው «የአብራክ ልጅ ፊርማ» ይላል። ትርንጎ ስሟን ጻፈች፤ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ስም ልትጽፍ ስትል ወይዘሪት ረድኤት በጣቷ ያዝ አደረገቻት።

«እሱን አይጻፉት» አለች። «አሁን የለም።»

አባቷ እንደተወችው ቁጭ ብሎ ነበር። ክንዱን ይዛ አስነሳችው። ትራም ጣቢያው ድረስ ስለ በላቸው ድምፅ እያወራ ሄደ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፁን ለማስታወስ ሲሞክር እምቢ ብሎት እንደነበር፣ ዛሬ ግን ልክ እንደ ድሮው እንደሰማው ነገራት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ መምጣቴ ጥሩ ነው አለ።

በጣቢያው በር ላይ ትርንጎ ቀደመች። ተከፈተላት፣ ገባች፣ ከኋላዋ ተዘጋ። አባቷ መስታወቱ ፊት ቆመ። ጠበቀ። መስታወቱ ላይ ምንም አልወጣም፤ እየተቆጠረ ነው እንኳን አላለም። ከኋላው የነበረች ሴት ማንም እንደሌለ ሁሉ ጎኑን ታክካ ገባች፤ በሩ ለሷ ተከፍቶ መልሶ ተዘጋ።

«ትርንጎ፣ ይሄ ነገር አላየኝም» አለ።

ትርንጎ ከመስታወት በሩ ወዲያ ቆማ ታየዋለች።

አባቷ አንዴ መስታወቱን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ነጠላሽ እኮ መቼም ከትከሻሽ አልወረደም» አለ ቀስ ብሎ።

ትራሙ መጣ። አልሄደችም፤ ቀጣዩም መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለት ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ደርሰው አባቷን በትሕትና አነጋገሩትና በግራና በቀኝ ይዘው ወሰዱት። እጁን አላወናጨፈም፤ ዞሮም አላያትም። ግራጫው ልብሱ ከኋላ ተጨማዶ ነበር።

ሕሊና ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ስድስት ሰዓት ፈጀ፤ በደንብ ተሳካ። በሁለት ሳምንቷ ከንፈሯ ቀላ፤ በአንድ ወሯ አራት ፎቅ ደረጃ ሮጣ ወጣች። ትርንጎ ከታች ቆማ የእግሯን ኮቴ ሰማች፤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣም አለቀሰች።

የአባቷን አልጋ፣ የመሣሪያ ሳጥኑንና የቀሩ ልብሶቹን መኪና መጥቶ ጫነው። ባለቤት የሌለው ንብረት በሚል ደረሰኝ ሰጧት። ሕሊና አያቴስ ስትል በመጀመሪያ ሥራ ሄዷል አለቻት። ኋላ ግን የልጆች መዝገብ አማካሪ ቤት ድረስ መጥታ ለልጅቷ እንዴት መንገር እንዳለባት አስረዳቻት፤ ልጅ ባዶን በዝምድና ስም ከጠራች የተጨረሰው ቆጠራዋ እንደገና ይከፈታል። ትርንጎ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አስጠናቻት። ሕሊና ቶሎ የሚገባት ልጅ ነበረች።

መጋቢት ላይ በየቤቱ ማስታወቂያ ደረሰ። እስከ መጨረሻው መቁጠር መሣሪያዎቹን ስላጨናነቀ ሕጉ ተሻሽሎ ለሕክምናም ለበርም እንደ ድሮው ሦስት ትውልድ እንዲሆን ተወስኗል ይላል። ትርንጎ አንብባ ስትጨርስ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠች።

ወይዘሪት ረድኤት ውኃ ቀዳችላት።

«ከእንግዲህ ዙሩ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም» አለች ትርንጎ። «ሦስት ላይ ይቆማላ። አባቴን መልሱልኝ።»

«ምን ላይ እንመልሳቸው?»

«የነበረበት ላይ።»

«የነበሩበት የለም። ሰው ውስጥ የስም፣ የእናትና የአባት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ካለ ይጻፍበታል። ባዶ ውስጥ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም። ባዶ ማለት እኮ እሱ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በራስዎ አይፍረዱ። በዚያን ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረዎትም» አለቻት።

መዝገብ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ትርንጎ ግን ውኃውን ጨርሳ ጠጣችና ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ሕሊናን ይዛ ወደ ሜዳው ወረደች። ጎብኚ መሄድ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ከመግቢያው አጥር አያልፍም። ረጃጅም የቆርቆሮ አዳራሾች በረድፍ ቆመዋል። ሽማግሌዎችና ወጣቶች፣ አንዳንድ ሕፃናትም ጭምር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ስም ስለሌለ የሚጠራ ሰው የለም፤ የሚፈልጉት ሰው እስኪያልፍ ድረስ አጥሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዓት ቆዩ።

አባቷ ባልዲ ይዞ ብቅ አለ። ከስቷል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ሲያያቸው ባልዲውን አስቀመጠ፣ ቀረብ ብሎ ቀኝ ጆሮውን አዞረ።

ትርንጎ ስለ ሕጉ ነገረችው። ለምን እንደምትነግረው አላወቀችም፤ ግን ሌላ የምትለው አልነበራትም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከመጋቢት አንድ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ወር ከምናምን ነው» አለ። «ልጅቷ እስከዚያ ትቆይ ነበር?»

«አትቆይም ነበር። ሐኪሙ እንደነገረኝ አትቆይም ነበር።»

«እንግዲህ» አለ። ይቅር ብሏት ይሁን እንዳልማራት ከፊቱ ለማንበብ ሞከረች፤ ፊቱ እንደ ሌላ ሰው ፊት ሆነባት። ዓይኑ ወደ ሕሊና ወረደ፤ ከንፈሯን፣ ጉንጯን፣ ከሸሚዟ አንገትጌ ብቅ ያለውን የጠባሳውን ጫፍ አየ። እጁን በአጥሩ ሽቦ መካከል ሊያሾልክ ሲል የአጥሩ ጠባቂ ወደ እነሱ መጣ። ወጣት ነው፤ እጁ ላይ ትንሽ መቅጃ አስሯል። እንደ ደንቡ ልጆችን ይጠይቃል።

እስከ ሕሊና ቁመት ዝቅ ብሎ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አላት።

ሕሊና አያቷን አየችው። እሱ ሽቦው ውስጥ ያስገባውን እጁን ቀስ ብሎ መለሰ፤ አንገቱንም በትንሹ ነቀነቀላት፣ በይ እንደማለት።

«ምኔም አይደለም» አለች።

ጠባቂው መዝግቦ አመስግኗት ሄደ። ሽማግሌውም ባልዲውን አንሥቶ ዞረ፤ ከአዳራሾቹ በአንዱ ገባ። ትርንጎ የልጇን እጅ ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች። ጥቂት እንደተራመዱ ሕሊና እጇን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ ልክ መለስኩ?»

«ልክ ነሽ» አለች ትርንጎ።